ጉዳዩ ከግርጌ ይጻፋል

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የቀለም ቀንዱን የነካው ሰው አልነበረም። ትናንት ከግድግዳው አውርጄ ሳየው ቀለሙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውኃ ጠብ አድርጌ በስንጥር ሳማስለው የጥላሸትና የሙጫ ሽታ ወጣ። እሱም ቀለም የሚያዘጋጀው እኔ በልጅነቴ እንደማውቀው አድርጎ ነበር፤ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቆ፣ ከግራር ሙጫ ጋር አፍልቶ። ሽታው እንደ አረረ ገንፎ ነው፤ ቆይቶ ትንሽ ይጣፍጣል። ቀንዱን ያወረድሁት ባለቤቴን ላስብ ብዬ ነበር። የመጣብኝ ግን አባቴ ነው።

ባለቤቴ ለሰው አቤቱታ በመጻፍ ነበር ቤታችንን የሚያስተዳድረው። አንዱ መጥቶ ችግሩን ሁሉ ሲዘረግፍለት እስኪጨርስ ይሰማና፣ "እሺ ወንድሜ፣ ምን እንዲደረግልህ ነው የምትፈልገው?" ይለዋል። መጀመሪያ የሚጽፈው ሰውየው የመለሰለትን ነው። የአማርኛ ፊደል ያስተማረኝም እሱ ነው። በልጅነቴ ምን እንደ ጻፍሁ ግን አልነገርሁትም፤ ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ለመናገር ቀን ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስለማይሰማኝ እጽፈዋለሁ። እጄ ቀርፋፋ ነው። ጊዜ ግን አለኝ።

መንደራችን ከአሶሳ ወዲህ፣ መንገድ ላይ አድሮ የሚደረስበት የቀርከሃ አገር ነው። ቤቱም፣ አጥሩም፣ የማሽላው ጎተራም ቀርከሃ ነው። በበጋ ፀሐይ ሲበረታ ቀርከሃው ጧ እያለ ይሰነጠቃል፤ ልጅ ሳለሁ ግድግዳው ውስጥ ሰው የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ኢድሪስ በአህያ ጨው ይነግድ ነበር። ታናሽ ወንድሙ በሽር ደግሞ ለግብር ወርቅ እንዲያጥቡ ወንዝ ከወረዱት ጎልማሶች አንዱ ነበር። ይህ የምጽፈው በሆነበት ዓመት ማሽላው እንደ ተሰበሰበ በሽር የማጠቢያ ገበቴውን ወንዝ ዳር ጥሎ ወደ ሱዳን ጠፋ። ወርቁን ለገዥው የሚሰበስብ አንድ ወኪል አሶሳ ተቀምጦ ነበር፤ የእሱ ሰዎች በሽርን ፍለጋ መጥተው አጡት። ያገኙት አባቴን ነው። አህያውን እየጫነ ነበር።

"የጠፋው ወንድሜ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አላቸው።

"ወንድምህ ከሆነማ ይመጣልሃል" አሉት። "እስኪመጣ ከእኛ ዘንድ ትቀመጣለህ።"

አህያውንም ጨምረው ወሰዱት። እኔ "ትቀመጣለህ" ያሉትን እንደ እንግድነት ነው የሰማሁት። አባቴ ከወኪሉ ቤት በጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጦ ሥጋ ሲቀርብለት ይታየኝ ነበር። እናቴ ዘሃራ ስታለቅስ ሳያት፣ የምታለቅሰው እኛን ትቶ ብቻውን በመብላቱ መስሎኝ እኔም አኮረፍሁት።

የእናቴ ወንድም ረጀብ ሊለምን አሶሳ ሄደ። እኔ "ኻል" ነበር የምለው፤ የእናት ወንድም በእኛ ዘንድ እንዲያ ይጠራል። ከወኪሉ አጥር በር አላለፈም። ዘበኛው፣ "የሰው አፍ እስከዚህ ድረስ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ወረቀት ነው" ብሎ መለሰው።

"ወረቀት ከሆነ የሚገባው ወረቀት እንልካለና!" አለች እናቴ፤ ዶሮ የምትልክ ያህል ቀሎባት።

በመንደራችን መጻፍ የሚያውቁ አንድ ሰው ነበሩ። ፈቂ ሐሚድ ይባላሉ፤ ልጆችን ቁርኣን የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ወባ ጥሎባቸው የሄደው መንቀጥቀጥ ቀኝ እጃቸውን አልለቅ ብሎ፣ ውኃ እንኳ የሚጠጡት ቅሉን በሁለት እጅ ይዘው ነበር። ከተማሪዎቻቸው መካከል ሴት እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው እጄን ይዞ ወስዶ ያስገባኝ እሱ ነው። ወንዶቹ ምዕራፉን ከእኔ በተሻለ በቃል ይወጡታል፤ ሲጽፉ ግን ዶሮ የጫረው ይመስላል። ፈቂ ሁላችንንም አዩና ዐይናቸው እኔ ላይ ቆመ።

"ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እጄ ነሽ" አሉኝ። "እጅ አይጠይቅም፣ አይጫወትም፣ አፍንጫ አይጎረጉርም። ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

"እጅ አይመልስምም።"

ፈቂ ከቁርኣኑ ቀጥሎ የሚያከብሩት አንድ መጽሐፍ ነበራቸው። ሽፋን የለውም፤ ዳርዳሩን ምስጥ በልቶታል። በወጣትነታቸው ሱዳን ተምረው ሲመለሱ ያመጡት የደብዳቤ አጻጻፍ መምሪያ ነበር። ለንጉሥ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ለዳኛ፣ ለአማት፣ መልስ ላዘገየ ወዳጅ፣ ሁሉም በየተራው አለ። መጽሐፉ ዐረብኛ ስለሆነ፣ ቤታችን የምንናገረው ደግሞ የራሳችን ቋንቋ ስለሆነ፣ ግማሹ አይገባኝም ነበር። ያስተዋልሁት ደብዳቤዎቹን ሁሉ የሚጽፈው ፉላን የሚባል ሰው መሆኑን ነው። ለንጉሥም የጻፈው ፉላን የፉላን ልጅ፣ ለዳኛም ፉላን የፉላን ልጅ። እንደዚህ ሰው ወዳጅ የበዛለት በምድር ላይ የለም አልሁ።

"ኻል፣ ፉላን የሚኖረው የት ነው?" ብዬ ረጀብን ጠየቅሁት።

"ማነው እሱ?"

"የንጉሡ ወዳጅ። እሱ ሄዶ አባዬን ያምጣልን።"

ረጀብ መጥረቢያውን ጥሎ ሳቀ። "ፉላን ማለት እኮ እገሌ ማለት ነው፣ አንቺ ልጅ። ማንም ነው። እኔም ነኝ፣ አንቺም ነሽ፣ ያ ሜዳ ላይ ያለው አህያም ነው።"

ማንም የሆነ ሰው ለንጉሥ ሲጽፍ ግን ንጉሡ ለምን እንደሚመልስለት አልገባኝም።

የምንጽፈው ሎህ በምንለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነበር። ፈቂ ማለዳ ማለዳ ፊደሉን በደረቅ ስንጥር ይጭሩልኛል፤ እኔ ጭረቱን ተከትዬ በቀርከሃ ብዕር ቀለም አለብሰዋለሁ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጭረቱ ይጥመለመላል። እኔም አንድ ሳላጓድል አጥመልምዬ ጻፍሁት።

"ይኼ ምንድን ነው? እባብ ነው?"

"እርስዎ የጫሩት እንዲህ ነው።"

ፊታቸው ጠቆረ። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። በለሆሳስ፣ "ያሰብሁትን ጻፊ እንጂ የጫርሁትን አትጻፊ" አሉኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ስንጥሩን አላነሡም፤ መጽሐፉን ከፍተው በቃል ይነግሩኝ ጀመር። መስመሩ እንደ ማሽላ ተራ ቀጥ ይበል። ቃሉ ሳያልቅ ብዕርሽን አታንሺ። የፊደሉ ጥርስ አንዱ በሌላው ላይ አይውጣ። ጽፈሽ ስትጨርሺ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ትንፋሽሽ ያለቀበት ቦታ ዐረፍተ ነገሩም ይለቅ። ይህ ሁሉ ጥሩ ትምህርት ነበር። ዛሬም ስጽፍ የምከተለው እሱን ነው።

ሰሌዳው ሲሞላ ይታጠባል። የአላህ ስም ያለበት ውኃ ስለሆነ አይደፋም፤ ሰው በማይረግጠው ዛፍ ሥር ይፈስሳል፣ ወይም በሽተኛ ይጠጣዋል። ይህን በአገራችን የማያውቅ የለም፤ የታመመ ሰው ሲኖር ፈቂ ጽፈው፣ አጥበው፣ በቅል ይልኩ ነበር። እኔ ደግሞ የጠጡት ትምህርት ሆድ ውስጥ ይቀራል ብዬ ከእያንዳንዱ ሰሌዳ እጎነጫለሁ። ምላሴ ጠቆረ። ወንዶቹ "ጥላሸት ላሽ" አሉኝ።

"ምን በልተሽ ነው?" አለችኝ እናቴ አገጬን ይዛ።

"ለአባዬ የሚጻፈውን።"

አባቴ ከሄደ ወዲህ ስትሥቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

በመንደሩ የነበረው ወረቀት አንድ ብቻ ነው። ፈቂ ተጠቅልሎ ምስጥ እንዳይበላው ቅል ውስጥ አኑረውታል። ሊጻፍበት ሲቃረብ እናቴ መጣች፤ ሴት ወደ ውስጥ ስለማትገባ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ተጣራች።

"ፈቂ፣ ምን ሊያስጽፉ ነው?"

"እንደ ሥርዓቱ ነዋ።"

"ሥርዓቱ ምን ይላል?"

"መጀመሪያ የአላህ ምስጋና፣ በነቢዩ ላይ ሰላዋት። ቀጥሎ የሚጻፍለት ሰው ምስጋና፤ ሰይፉ፣ ለጋስነቱ፣ አባቶቹ። ቀጥሎ ለቤቱና ለልጆቹ ዱዓ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጉዳዩ ከግርጌ ይጻፋል። ለማኝ ደጃፍ ላይ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ ዝቅ ብሎ፣ አጠር ብሎ።"

"እኔ የምለው እንዲህ ነው" አለች እናቴ። "ኢድሪስ አላጠፋም። የጠፋው በሽር ነው። ኢድሪስን መልሱልኝ። ይኸው ነው።"

"እንዲያ ተብሎ የሚነገረው ለአህያ ነው፣ ዘሃራ። ለትልቅ ሰው አይደለም።"

"አህያስ ሲነግሩት ይሰማል።"

ወንዶቹ ሰሌዳቸውን ፊታቸው ላይ ከልለው ሣቁ። ፈቂ አልተቆጡም። "ልቡ ሳይለሰልስ የምትነግሪው ሰው ይቆጣል፤ ቢቆጣ ደግሞ የሚያገኘው ባልሽን ነው" አሏት። ይህን ያሉት ፈርተውላት ነበር። እናቴ የአጥሩን ቀርከሃ በጥፍሯ እየላጠች ትንሽ ቆመችና ሄደች። ሌላ የሚጽፍ ሰው አልነበራትም።

በማግስቱ ጻፍሁት። ፈቂ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይነግሩኛል፤ ለንጉሥ የተጻፈውን፣ ለአሚር የተጻፈውን፣ ያማረውን ሁሉ እየለቀሙ። ወኪሉ የደረቀ ምድር ዝናብ ሆነ፣ የሙት ልጆች አባት ሆነ፣ አንበሳም ሆነ። ፊደሌ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም፤ እኔም ልቤ አብጦ ነበር። ቀና ስል ከወረቀቱ የቀረው ሁለት ጣት ነው።

"አሁን ጉዳዩ" አሉ ፈቂ፤ አዩት፣ ቦታው አነሰባቸው። "የአገልጋይዎ የኢድሪስ ነገር በተከበረው እጅዎ ላይ ነው፤ ብለሽ ጻፊ።"

"'መልሱልን' የሚለውስ?"

"እጅ አይጠይቅም አላልሁሽም? ያውቁታል። ትልቅ ሰው ሳይነገረው ያውቃል።"

የበሽር ስም አልተነሣም።

ረጀብ ወረቀቱን በቀርከሃ ቱቦ ከትቶ ሄደ። ዓረፋ እየደረሰ ነበር፤ እናቴ አባቴ ለበዓሉ ይደርሳል ብላ ቤቱን መረገች። እኔም በየቀኑ ከመንገዱ ዳር እየወጣሁ እጠብቅ ነበር። ደብዳቤው ከወኪሉ ፊት ሲከፈት በእኔ ድምፅ የሚናገር ስለሚመስለኝ፣ እዚያ እንዳይጎረንን ብዬ ብዙ አልጮህም፣ ቀዝቃዛ ውኃም አልጠጣም ነበር።

ዓረፋ አለፈ። ረጀብ የመጣው ከበዓሉ በኋላ፣ ማሽላ ስንወቅጥ ነው። አንድ እንስራ ማርና አንድ ጥቅል ነጭ ጨርቅ ተሸክሟል። እናቴ ከኋላው ያለውን መንገድ እስከ ጥጉ ድረስ አየችው። ማንም የለም። ሙቀጫው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ወረቀቱ አልገባም?"

"ገብቷል። ከበዓሉ በፊት ነው የገባው። እኔንም አስገቡኝ።"

"እሺ?"

ረጀብ እንስራውን አስቀመጠ። "የወኪሉ ሚስት በንዳድ ታማ ተኝታለች። እሱ ከደጃፏ ተቀምጦ ወረቀቱን ከላይ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የአላህ ስም ላይ ሲደርስ ግንባሩን አስነካው። ስለ ራሱ የተጻፈው ላይ ሲደርስ 'ሱብሓነላህ፣ ምን ዐይነት እጅ ነው!' አለ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ገበታ አምጡ አለ።"

"ምን ያደርግለታል ገበታ?"

"እኔም ሊጋብዘኝ መስሎኝ ነበር። ውኃ አስሞላና ወረቀቱን ዘፈቀው። በአውራ ጣቱ አሸው፣ ቀለሙ ሁሉ ለቀቀ። ራሷን ደግፈው አጠጧት።"

"አንተስ? አንተ ምን አልህ?"

"ኢድሪስ ብዬ ጀምሬ ነበር። 'ዝም በል፣ በረካው ይበተናል' አሉኝ። ሴትዮዋ ዳነች። በነጋታው ተነሥታ ምግብ ጠየቀች። እኔን ግን በደንብ እስክትድን ብለው በዓሉን እዚያው አስዋሉኝ። ይኼ ማርና ጨርቅ ለፈቂ ነው። ወረቀትም ልከዋል፤ እንዲያ ያለ ሌላ ይጻፍልኝ ብሏል።"

እናቴ ማሩን አላየችውም። "ኢድሪስን አየኸው?"

"ከአጥሩ ወዲያ። እግሩ በግንድ ተይዟል። እጁን አነሣልኝ።"

ሥጋ የሚቀርብለት እንግዳ አለመሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

"ባሌን ጠጣችው" አለች እናቴ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ዘነዘናውን አንሥታ ያለቀውን ማሽላ መውቀጥ ጀመረች።

ፈቂ ሐሚድ ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት፣ "ዳነች?" ብለው ነው። ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ። ወሬው በየመንደሩ ዞረ፤ ንዳድ የያዘው ሁሉ በእንስራ፣ በቅል፣ በቅርጫት ይዞ መጣ። ያን ሰሞን ከማለዳ እስከ ማታ ሰሌዳ እየጻፍሁ አጥብ ነበር። ማር ግን ከቤታችን አልገባም፤ እናቴ ፈቂ የላኩላትን መለሰችው።

አንድ ከሰዓት ወንዶቹ እያነበነቡ ሳለ እናቴ አጥሩን አልፋ ገባች። ንባቡ ቀጥ አለ። ከመጽሐፉ ፊት መጥታ ተቀመጠች።

"ፈቂ፣ ወኪሉ የላከው ወረቀት ሁለት ነው አሉኝ። አንዱን ይስጡኝ።"

"አማና ነው፣ ዘሃራ፣ የሰው አደራ ነው። የሰው ወረቀት ለተላከበት ነው የሚውለው።"

"ባሌም አማና ነው።"

ፈቂ ወረቀቱን ቅሉ ውስጥ እንዳለ ወደ እሷ ገፉትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ሐዋ፣ ጻፊ" አለችኝ። "ቢስሚላህ በይ፤ እሱን አልከለክልሽም። ቀጥሎ፣ ይህ ወረቀት የሚነበብ ነው እንጂ የሚጠጣ አይደለም በይ።"

ጻፍሁ።

"የያዛችሁት ኢድሪስ ነው። የጠፋው በሽር ነው። ኢድሪስ ወርቅ አጥቦ አያውቅም፤ ጨው ነጋዴ ነው። ኢድሪስን መልሱልኝ።"

እሷ በእኛ ቋንቋ ትነግረኛለች፤ እኔ ወደ ዐረብኛ እመልሳለሁ። "መልሱልኝ" ላይ ስደርስ ቆምሁ። ከመጽሐፉ የተማርሁት ሁሉ መለመኛ ነው፤ በአንድ ቃል "መልሱ" የሚል አልተማርሁም። እጄ አየር ላይ ቀረ። ፈቂ ፊታቸውን ሳያዞሩ ቃሉን ነገሩኝ። ደግመው፣ "መሀል ላይ ብዕርሽን አታንሺ" አሉ።

ከወረቀቱ የሚበልጠው ባዶ ቀረ። እናቴ ባዶውን እያየች፣ "ይብቃ" አለች።

ረጀብ ሁለቱንም ይዞ ሄደ፤ የሚጠጣውን ለብቻ፣ የሚነበበውን ለብቻ። ቶሎ ተመለሰ። አሁንም ብቻውን ነው። የታጠፈ ቁራጭ ወረቀት ይዟል፤ የወኪሉ ጸሐፊ ደጃፍ ላይ ሰጥቶት ውሰድ ብሎ አሰናብቶታል። ማንበብ ስለማይችል ምን ተሸክሞ እንደመጣ አያውቅም። "በዚያው ቀን መልስ ሰጡን እኮ!" እያለ ከሩቅ ጮኸ። ፈቂ ዘንድ ይዘነው ሄድን። እሳቸው ዘረጉት፤ በእጃቸው ላይ ስለራደ ፊደሉ አልያዝ አላቸውና ለእኔ ሰጡኝ።

አንድ ዐረፍተ ነገር በዐረብኛ እያነበብሁ፣ ያንኑ ለእናቴ በቋንቋችን እየመለስሁ አነበብሁት። ወሬውን ከሌላ ሰው አልሰማሁትም፤ ከራሴ አፍ ነው የሰማሁት። እንዲህ ይላል። ኢድሪስ የተባለው ሰው ሞቷል። ወንድሙ ስላልመጣ በእሱ ፋንታ ወርቅ እንዲቆፍር ወንዝ ወርዶ ነበር። ዓረፋ ካለፈ በኋላ ጉድጓዱ ተደርምሶበታል። አህያው እዚህ ነው፤ ዘመዶቹ ይውሰዱት።

ረጀብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ዓረፋ ካለፈ በኋላ ነው ያልሽኝ?" አለች እናቴ።

"አዎ፣ ካለፈ በኋላ።"

"በፊት አይደለም?"

ደግሜ አየሁት። "አይደለም።"

"የፊተኛው ወረቀት ከበዓሉ በፊት ነው የገባው" አለች። ማንንም አላየችም። 

ፈቂ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና ወደ ዐይናቸው አስጠጉት። ብዙ ጊዜ አዩት። ፊደሉ ጎባጣ ነው፤ ሰውየው ቸኩሎ ነበር። 

"ሰላምታ እንኳ የለውም" አሉ። "ይኼን የጻፈው ሰው አጻጻፍ አልተማረም።"

"ተማረም አልተማረም፣ ገባኝ" አለች እናቴ።

ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣች። የአባቴ እናት ከወንዙ ማዶ ነበር የምትኖረው፤ ገና አልሰማችም። እናቴ ወረቀቱን አልጠየቀችም፤ እኔንም ተከተዪኝ አላለችኝም። ልትነግራት ብቻዋን ሄደች።